ኦርኪዱን አትቁረጡት፣ ተኙለት

መስከረም በጠባ ቁጥር ፌስቡኩም ቴሌግራሙም ቢጫ ይለብሳል። አደይ አበባ ከፊት፣ የአገር ልብስ የለበሰች ልጅ ከመሃል፣ ደመና ከኋላ። አይከፋም። አደይ ለካሜራ የተፈጠረች ናት። ደማቅ ናት፣ ብዙ ናት፣ ስልኩ ርካሽም ቢሆን ታምራለች። እኔን የሚቆጨኝ እሷው ሥር፣ እዚያው ሣር ውስጥ ያለችው ሌላዋ አበባ ናት። ከአዴት ወጣ ብላችሁ አንዱ ጨፌ ላይ በርከክ ብትሉ፣ ከሣሩ እምብዛም የማትለይ፣ በአረንጓዴ ዘንግ ላይ አረንጓዴ አበቦች የደረደረች አንዲት ተክል ልታገኙ ትችላላችሁ። ማንም ልብ አይላትም። ኦርኪድ ናት።

ኦርኪድ? ጎጃም? አዎ። ኦርኪድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ በሸክላ የተቀመጠው፣ ዘሩ ከእስያ የመጣው አበባ ነው። (ኬክ ውስጥ ያለው ቫኒላም የኦርኪድ ፍሬ ነው፤ ይህን ስነግረው የማያምነኝ ጓደኛ አለኝ።) ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ከ150 በላይ የዱር ኦርኪድ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 የመስክ መለያ መጽሐፍ አሳትመውላቸዋል፤ በእንግሊዝኛ። ከዓይነቶቹ የሚበዙት መሬት ላይ የሚበቅሉ ናቸው። በጋውን ከመሬት ሥር አድፍጠው ይከርሙና ዝናቡ ሲመጣ ብቅ ብለው ያብባሉ። የቀሩት ዛፍ ላይ ይኖራሉ። እነዚህን ሰዉ ከተቀጥላ ይቆጥራቸዋል፤ ነገር ግን ዛፉን አይመጡትም፣ ቅርፊቱ ላይ ተቀምጠው ነው የሚኖሩት።

ታዲያ ፎቷቸውን ለምን አናይም? ስለሚያስቸግሩ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የአንዳንዷ አበባ ከጥፍር አትበልጥም። ስልካችሁን ስታስጠጉ ፎከሱ እሷን ትቶ ከኋላዋ ያለውን ሣር ይይዛል። (ጣታችሁን ከአበባዋ ጎን አድርጉና ጣታችሁ ላይ ፎከሱን ቆልፉት፤ ከዚያ ጣታችሁን አንሱ። ይሠራል።) እሺ፣ ካሜራና የማክሮ ሌንስ አለኝ በሉ። አበባዋን በልኳ፣ አንድ ለአንድ ስታነሱ በኤፍ 11 እንኳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 1 ሚሊሜትር ከምናምን ነው። ከንፈሯ ሲጠራ ጭራዋ ይደበዝዛል። የሌንሱን ቀዳዳ ስታጠቡት ብርሃን ያንሳችኋል፤ አብዝታችሁ ስታጠቡት ደግሞ ምስሉ ራሱ ይደክማል። ከዚያ ነፋሱ አለ። በዓይን የማይታይ ውዝዋዜ በሌንሱ ውስጥ እስክስታ ነው። ብዙ ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተር ላይ መደረብ የሚባለው ዘዴም እስክስታ ለሚወርድ አበባ አይሆንም። ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ መድረስ ነው ያለው መላ። ቀትር ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ነጩ አበባ በፀሐይ ተቃጥሎ ዝርዝሩ ይጠፋል። ለዚህስ መፍትሔው ከእናቶቻችን ትከሻ ላይ አለ። ነጠላ ከአበባዋ በላይ ስትዘረጉ የሚወርደው ብርሃን ከየትኛውም የተገዛ ማለስለሻ አያንስም።

ከሁሉ በላይ ግን መተኛት አለ። በሆድ፣ ጭቃ ላይ። አንድ ክረምት እንደዚያ ተጋድሜ አንድ አዛውንት ቆም ብለው «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ። አበባ ፎቶ እያነሳሁ ነው ብዬ አሳየኋቸው። «ይቺን? ይቺማ ሣር ናት» አሉ። ስክሪኑ ላይ አጉልቼ ስሰጣቸው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ላይ ነው። መተኛት የማይወዱ ፎቶ አንሺዎች አበባዋን ይቆርጧታል። ጥላ ሥር ወስደው፣ ጥቁር ጨርቅ ከኋላዋ አድርገው፣ ውኃ ረጭተው ያነሷታል። ጤዛ መሆኑ ነው! ፎቶው ያምራል፣ ላይኩም ይጎርፋል። ነገር ግን ከመሬት የሚበቅለው ኦርኪድ በአብዛኛው በዓመት የሚያወጣው አንድ ዘንግ ነው። እሱን ቆረጣችሁ ማለት የዚያን ዓመት ዘር አጠፋችሁ ማለት ነው። ዘሩ ደግሞ እንደ አቧራ የደቀቀ፣ ስንቅ የሌለው ነው። መሬት ውስጥ የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። ስለዚህ ነቅዬ ግቢዬ እተክለዋለሁ የሚለውም ሰው በአብዛኛው የሚያተርፈው የደረቀ ሥር ነው።

የተቆረጠው አበባ ፎቶ ሌላም ጉድለት አለበት፤ ምንም አይናገርም። ቅጠሏ የታለ? ምን መሬት ላይ በቀለች? ሁሉም ሰው የሚያነሳው ፊቷን ነው፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ። ኦርኪድን ግን ብዙ ጊዜ የሚለየው ጎኗ ነው፤ ከከንፈሯ ኋላ የተንጠለጠለው፣ ማር የሚቋጥረው ቀጭን ጭራ። ቻርልስ ዳርዊን የማዳጋስካር ኦርኪድ ደርሶት 30 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ጭራዋን ሲያይ ይህን የሚደርስበት ምላስ ያላት የእሳት ራት መኖር አለባት ብሎ በ1862 (እ.ኤ.አ.) ጻፈ። የእሳት ራቷ በ1903 ተገኝታ ስም ወጣላት። ዳርዊን የደረሰው የአበባዋ የፊት ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ሊል ይችል ነበር? እንግዲያው ከፊት አንዴ፣ ከጎን ሁለቴ፣ ቅጠሏን አንዴ፣ አካባቢዋን አንዴ አንሱ። መጠኗ እንዲታወቅም ጣታችሁ ይግባበት፤ ፎቶው ቢበላሽም ይበላሽ።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዴት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ድረስ ጨፌው ይታረሳል፣ ዳገቱ ባሕር ዛፍ ይለብሳል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ግን አንድ ጨፌ ሲታረስ ውስጡ ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሌንስ ተሸክሞ ጎጃም ገጠር መውረድ ቀላል ነገር አልሆነም። ትሪፖድ ከሩቅ ሲታይ ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለዚህ ይህን ሥራ የሚሠራው እዚያው ያለው ሰው ነው። ስልክ ያለው መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ ለበዓል ቤተሰብ ጋ የገባ ተማሪ።

የዛፎቹን ኦርኪዶች በተመለከተ የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ቢያንስ ተርፈዋል። ከሰማይ በድሮን የተነሱ ፎቶዎቻቸው ዓለምን ዞረዋል፤ በቡናማ እርሻ መሃል ክብ አረንጓዴ ነጥብ። ከአንድ ቅርንጫፍ አጠገብ ሆኖ ያየ ግን ጥቂት ነው። ዛፍ ላይ ውጡ አልልም፣ ቄሰ ገበዙም አይፈቅዱላችሁም። የክረምት ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ ፈልጉ። አንዳንዴ ኦርኪዱን እንደተሸከመ ነው የሚወድቀው፤ ለጥቂት ቀናትም አበባው ሳይጠወልግ ሊቆይ ይችላል። አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ ነጠላውን ዘርጉ፣ ከጎን አንሱት፤ ለማገዶ ከመሄዱ በፊት።