ሳይንስ ለማን ይሠራል?

እንደሚታወቀው በከበርቴው ሥርዓት አንድ የሥራ መስክ የሚመዘነው ለሰፊው ሕዝብ በሚሰጠው አገልግሎት ሳይሆን በሚያስገኘው ትርፍ ነው። ይህ ሚዛን ከፋብሪካ አልፎ ወደ ሳይንስ ተቋማት ሲገባ ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2016 በአውስትራሊያ የታየው ሁኔታ በግልጽ ያስረዳል።

ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. በመባል የሚታወቀው የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት መሠረቱ በ1916 የተጣለ የሕዝብ ተቋም ነው። ከአገሪቱ የሚቲዎሮሎጂ ቢሮ ጋር በመተባበር በታዝማኒያ ደሴት ጫፍ በኬፕ ግሪም ከ1976 ጀምሮ አየር ይለካል። ወደዚያ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ የከተማና የፋብሪካ ጭስ ሳይነካው ሰፊ ውቅያኖስ አቋርጦ ስለሚደርስ የዓለምን አየር እውነተኛ ይዞታ ያሳያል። ልኬታው ሲጀመር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነበሩት ወደ 330 ገደማ ሲሆኑ፣ በ2016 ቁጥሩ 400 ደረሰ። ይህን ለማወቅ የተቻለው ለ40 ዓመታት ያለማቋረጥ በመለካቱ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር፣ ከሲሊከን ቫሊ ባለገንዘቦች ዓለም የመጡት ሥራ አስኪያጅ ላሪ ማርሻል ወደ 350 የሚጠጉ የሥራ መደቦች እንደሚነኩ አስታወቁ። ከበትሩ ዋነኛ ተቀባዮች አንዱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ምርምር ነበር። የተሰጠው ምክንያት የአየር ንብረት ለውጥ መኖሩ ስለተረጋገጠ ቀሪው ጥያቄ ምን ይደረግ የሚለው ነው የሚል ነበር።

ክርክሩ ላይ ላዩን ሲታይ አሳማኝ ይመስላል። ነገር ግን ሐኪም በሽታውን ካወቀ በኋላ የሕመምተኛውን ሙቀት መለካት አይተውም። በምድር ላይ ከተከማቸው ትርፍ ሙቀት 90 በመቶ ገደማ የሚሆነውን የዋጠው ውቅያኖስ ነው፤ ውቅያኖሱን ሳይከታተሉ ምን ይደረግ ለሚለው መልስ መስጠት አይቻልም። ከሁሉም በላይ ሳይለካ ያለፈ ዓመት ተመልሶ አይለካም። እንዲህ ያለው ሥራ ገበያ የሚወጣ ሸቀጥ ባለመሆኑ ባለቤቱ ሕዝብ ብቻ ነው።

ውሳኔው በዝምታ አልታለፈም። የድርጅቱ ሠራተኞች ማኅበር ተቃወመ፤ ከ60 በላይ አገሮች የተውጣጡ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሳይንቲስቶች የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። በሚያዝያ 40 ሳይንቲስቶች ያሉት ማዕከል በሆባርት ለ10 ዓመት እንደሚቋቋም ተገለጸ፤ በነሐሴም መንግሥት 15 መደቦች እንዲጨመሩ አዘዘ። የተመለሰው ከፊሉ ብቻ ቢሆንም የተደራጀ ድምፅ ያለውን ኃይል አስመስክሯል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል ካለ 2015ን ያስታውስ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ከመጠን ሲያልፍ የሚከሰተው ኤልኒኖ የክረምት ዝናባችንን አዳከመ፤ በዚያ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኑ። ኤልኒኖ መምጣቱ አስቀድሞ የሚታወቀው ውቅያኖሱን ዘወትር የሚለካ ሰው ሲኖር ነው።

ስለሆነም በየቀበሌውና በየሥራ ቦታው ያለው ዜጋ የዝናብ መለኪያውንና የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያውን እንደ ምንጭ ውኃና እንደ እህል ጎተራ የጋራ ሀብቱ አድርጎ ሊጠብቅ፣ በጀቱ ሲቀነስም ለምን ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።