ፈረሱ የሞተበት ሕፃን



በዛሬው ጽሑፋችን የሚወደው ፈረስ የሞተበትን ሕፃን ወላጆቹ እንዴት ሊያጽናኑት እንደሚገባ እንመለከታለን። ነገሩ ለአንዳንድ ሰው ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ ፈረስ በአገራችን የከበረ መሆኑን ማንም አይክድም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል። በአዊ ምድርም በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን በጌጥ ሸልሞ በዓሉን ሲያከብር ኖሯል። እንግዲህ ታላላቆቹ የፈረሳቸውን ስም መጠሪያቸው ካደረጉ፣ ሕፃን ልጅ ለፈረሱ ቢያለቅስ ሊነቀፍ አይገባውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከውን ታሪክ የነገረን በእንጅባራ አካባቢ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው። የ6 ዓመት ሴት ልጁ ማታ ማታ እፍኝ ሣር ይዛ ወደ ጋጣው ትሄድና በእጅዋ ታበላው ነበር። ክረምቱ አልፎ መስከረም እንደ ጠባ ፈረሱ በድንገት ታመመ፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ከአፍንጫው አረፋ ወረደ፤ በሁለተኛውም ቀን ሞተ። አባትዮው ልጁ እንዳታዝንበት ብሎ፣ «ዳማን ለአያትሽ ልከንላቸዋል፤ ይመለሳል» አላት። ልጅቱም አመነችው። ማታ ማታ ሣር እየነጨች በደጁ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ጠዋት ሣሩ እንዳለ ስታገኘው ሌላ ትጨምርበታለች። ሦስት ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ የጎረቤት ልጅ፣ «ፈረሳችሁንማ ጅብ በልቶታል» ብሎ ነገራት። ልጅቱ አላለቀሰችም። ነገር ግን አባቷ ለሥራ ወደ ሌላ ወረዳ ሊሄድ ሲነሣ ካፖርቱን ይዛ፣ «አባዬ፣ አንተም ስትቀር ለአያትሽ ልከነዋል ይሉኛል ወይ?» ስትል ጠየቀችው።

የነገሩ ሁሉ ፍሬ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። ልጅቱ ፈረሱን አጣች፤ በላዩም የአባቷን ቃል ማመን አቃታት። ስለ ፈረስ የተነገረ ውሸት ስለ ሰውም ሊነገር እንደሚችል ገባት።

ሕፃናት ሞትን እንዴት እንደሚረዱት ሊቃውንት መርምረዋል። ማሪያ ናጊ የተባሉ የሀንጋሪ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞትን እንደ መንገድ ወይም እንደ እንቅልፍ አድርገው እንደሚያስቡት ገልጸዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ብዙዎቹ ልጆች ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ የሞተ እንደማይመለስ መረዳት እንደሚጀምሩ ያስረዳሉ። ስለዚህ ሕፃኑን «ፈረሱ ተኝቷል» ብንለው መኝታን ሊፈራ ይችላል፤ «ሄዷል» ብንለውም በደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ ቋንቋውን በመማር ላይ ላሉት የሥራ ባልደረቦቻችን አንድ ነገር እናስታውሳለን። በአማርኛ ለሰው ሲሆን «አረፈ»፣ «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ለእንስሳ ግን የሚነገረው «ሞተ» ነው። በትግርኛ አፋችንን ለፈታነው ለእኛም ልማዱ ይኸው ነው። ለሕፃኑም የሚበጀው ይህ ግልጽ ቃል ነው። ወላጅ ሌላ ሰው ሳይልክ ራሱ ከልጁ ጎን ተቀምጦ፣ «ልጄ፣ ዳማ ሞቷል። ከእንግዲህ አይተነፍስም፤ አይራብም፤ አያመውም። ተመልሶም አይመጣም» ብሎ ሊነግረው ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ሕፃኑ ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዳያደርግ መጠንቀቅ ነው። «ያን ዕለት ሣር ሳልሰጠው ስለ ቀረሁ ነው የሞተው» ብሎ በልቡ የሚይዝ ልጅ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የሞቱን ምክንያት በሚገባው መጠን እናስረዳው። ከላይ የተነገረውን ፈረስ የገደለው፣ የእንስሳት ሐኪሙ እንዳስረዳው፣ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። ይህን በሽታ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው የሚያደርሱት ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው፤ ዝናብ ካለፈ በኋላም ይበዛሉ። በሽታው ከያዘ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሕፃኑ ይህን ሲሰማ ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑንና እናት አባቱም በዚያው በሽታ እንደማይሞቱበት ይረዳል።

ሦስተኛው የበድኑ ነገር ነው። በብዙ ስፍራ የሞተ ፈረስ ከመንደር ውጭ ተጎትቶ ለጅብና ለአሞራ ይጣላል። የሚቻል ከሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ለሕፃኑም ለመንደሩም ጤና ይሻላል። ካልተቻለም ልጁን ወደዚያ መውሰድ አይገባም፤ ሲጠይቅ ግን አለመዋሸት ነው። ከጎረቤት አፍ ከሚሰማው ከአባቱ ቢሰማው ኀዘኑ ይቀልለታል።

ከዚህ በኋላ ልጁ መታሰቢያ እንዲኖረው ማድረግ መልካም ነው። ያ አባት ከመንገዱ ቀርቶ ለልጁ እውነቱን ነገራት፤ ዋሽቷት እንደነበረም አልሸሸገም። እርሷም ያን ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ልጓሙን አብረው ወልውለው በቤት ውስጥ ሰቀሉት። ሌላው ሰው ደግሞ ከጭራው ጥቂት ፀጉር ሊያስቀር ይችላል፤ የመሰንቆ ክር የሚሠራው ከፈረስ ጭራ መሆኑን ለልጁ ቢያጫውተው አንድ ቁም ነገር ያስተምረዋል። ሌላ ፈረስ ለመግዛት ግን አንቸኩል። በሳምንቱ አዲስ ፈረስ ያመጣንለት እንደሆነ፣ የሞተ ሁሉ በገንዘብ ይተካል ብለን ያስተማርነው ይመስለዋል።

ወንድ ልጅ ሲሆን «አታልቅስ፤ ወንድ አይደለህም ወይ?» ማለት የተለመደ ነው። እንባው እንዲደርቅ ማዘዝ ግን ኀዘኑን አያደርቀውም። ልጁ ለብዙ ሳምንት እህል እንቢ ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከጓደኞቹም ከራቀ አስተማሪውን ማማከር፣ ወደ ጤና ጣቢያም መውሰድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ፈረስ ያላችሁ አንባቢዎቻችን የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ስለ ክትባት እንድትጠይቁ አደራ እንላለን። ክትባቱ በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። ማታም ፈረሱን ከሜዳ አስገብቶ በተዘጋ ጋጣ ማሳደር ከነዚያ ዝንቦች ይጠብቀዋል። ይህን ሥራ ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ይሥሩት፤ ጋጣውን የመዝጋቱም ተራ የእነርሱ ይሁን።