የቡና ለቀማ ዕቅድና የእባብ መርዝ ማርከሻ

ጥቅምት ሲቃረብ በጎማ፣ በማና፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ ስለ ሸራው፣ ስለ ማድረቂያ አልጋውና ስለ እሸት ቡናው ዋጋ በየስብሰባው ይወራል። ለቃሚው በእባብ ቢነደፍ መድኃኒቱ የት እንዳለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እፉኝት ሰው ሲቀርበው እንደ ሌላው እባብ ቶሎ አይሸሽም፤ ከደረቀ ቅጠል ጋር ተመሳስሎ ይተኛል። ከዛፉ ሥር የወደቀ ፍሬ የሚለቅም እጅ ድንገት ይደርስበታል። መርዙ ሥጋ ያበሰብሳል፣ ደም እንዳይረጋም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በሳይንስ የታወቀውና ከኢትዮጵያ ሌላ የማይገኘው የደጋ እፉኝት እንኳ መጀመሪያ የተመዘገበው ከእኛው ጎረቤት፣ በመቱና በበደሌ መካከል ነው።

በገመድ ጠፍንጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ መርዙን አያወጡም። ማሰሩ እንዲያውም እግር እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ቀለበትና አምባር አውልቆ፣ የተነደፈውን አካል በእንጨት ደግፎ፣ ሰውየውን ሳያስኬዱ በቃሬዛ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው የሚበጀው።

ሆኖም ሐኪም ቤቱ ማርከሻ ከሌለው ቃሬዛው ምን ይፈይዳል? ማርከሻው የሚሠራው መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ከተወጉ ፈረሶች ወይም በጎች ደም ነው። ውድ ነው፣ ከውጭም ይገባል። ለአፍሪካ እባቦች ይመረት የነበረው ፋቭ አፍሪክ እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱ ከቆመ ወዲህ ችግሩ ብሷል። ለሕንድ እባቦች የተሠራው ደግሞ ለእኛ እፉኝት አይሆንም፤ ስለዚህ የግዥ መጠየቂያው ላይ «ለአፍሪካ እባቦች» ተብሎ መጻፍ አለበት።

«ሳይሠራበት ጊዜው ያልፍበታል» የሚል መልስ ከኃላፊዎች ሊነሳ ይችላል። በየጤና ጣቢያው ይከማች ያለ ግን የለም። በለቀማው ወራት በአጋሮና በሊሙ ገነት ሆስፒታሎች ይቀመጥ፤ የተረፈው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይዛወር። የደም መርጋትን ለማየት ንጹሕ የብርጭቆ ቱቦና 20 ደቂቃ ይበቃሉ። በአማራ ክልል አብደራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በእባብ የተነደፉ የቀን ሠራተኞችን በጤና ጣቢያ ደረጃ አክመዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ ንድፊያ የሚደርሰውን ሞትና የአካል ጉዳት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 በግማሽ ለመቀነስ አቅዷል። የእኛ ወረዳዎች በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። መጠየቂያው ያኔ ካልተላከ፣ ማርከሻው የሚደርሰው ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው።