ቅዳሜ ያገባ ልጅ እሁድ አይገዛም

መቼም በየዓመቱ የማይቀር ነገር ነው። ነሐሴ ላይ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀመር አንድ ቁመተ ረጅም፣ እግሩ የጠነከረ ወጣት አጥቂ ብቅ ይላል። ቅዳሜ ሁለት ወይም ሦስት ያገባል። እሁድ ጠዋት ጉብሬ ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ገዛኸው?»

ፋንታሲ ለማይጫወት አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። 100 ሚሊዮን ፓውንድ (የሌለ ገንዘብ ነው፣ አትደንግጡ) ይዛችሁ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይፈቀድም። ልጆቹ በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት ለእናንተ ነጥብ ይሆናል፤ አጥቂ ሲያገባ 4፣ አማካይ ሲያገባ 5፣ ለጎል ያቀበለ 3። ከተፈቀደላችሁ በላይ ከቀየራችሁ በእያንዳንዱ ቅያሪ 4 ነጥብ ይቀነሳል። ቅዳሜ የምሳ ሰዓት ጨዋታ ካለ በሩ የሚዘጋው ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው፤ እነሱ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 8። (መብራት የሚጠፋው ግን ሁልጊዜ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ ይንገረን።)

የሌለ ገንዘብ ነው አልን እንጂ መዋጮው የእውነት ነው። የጓደኛሞች ሊግ የሚመሠረተው ከቤት ከተላከችው ብር ላይ ተቀንሶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እዚያ አያበቃም፤ ያንኑ ልጅ ቤቲንግ ቤት ወስዶ «ያገባል» ብሎ ይቆርጥበታል። ስለዚህ ወጣት አጥቂን እንዴት እንመዝነው የሚለው ጥያቄ ለኛ ሰፈር ቀልድ አይደለም። («እናንተ ሴቶች ደግሞ ስለ ኳስ ምን አገባችሁ» የሚሉን ወንድሞቻችንን በሰንጠረዡ ላይ ከእኛ ዝቅ ብላችሁ ፈልጓቸው።)

የእኛ ሚዛን ይህ ነው፦ መጀመሪያ ደቂቃውን እዩ፤ ቀጥሎ ያንን ደቂቃ ሊቀማው የሚችለውን ሰው እዩ። ጎሉን ከዚያ በኋላ።

ምሳሌ እናምጣ፤ ጨዋታው የፈረንጅ ነውና ዓመቱንም በፈረንጅ እንቁጠር። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 ብራይተን ኒውካስልን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ ሦስቱንም ያገባው የ18 ዓመቱ አየርላንዳዊ ኢቫን ፈርጉሰን ነበር። ከጎል ብቻ 12 ነጥብ! ሁለተኛዋን ከሳጥኑ ውጭ ነው የለጋት። በማግስቱ ያልገዛው ሰው እንደ ሞኝ ታየ።

እስኪ በዚያ ጩኸት መሃል ያልታየውን እንይ። ብራይተን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ውድድር የገባበት ዓመት ነው፤ ሐሙስ ይጫወታል፣ እሁድ ይጫወታል። አሰልጣኙ ሮቤርቶ ዴ ዜርቢ አሰላለፍ መቀያየር ይወዳሉ። ከልጁ ጎን ዳኒ ዌልቤክ አለ፤ ጆአዎ ፔድሮ አለ፤ ፍጹም ቅጣት ምቱም የጆአዎ ፔድሮ ነው። ደቂቃው ለሦስት ተከፈለ፣ ነጻዋ ጎልም የሌላ ሰው ሆነች ማለት ነው። ፈርጉሰን ዓመቱን በ6 የሊግ ጎል ጨረሰ። አራቱ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ የገቡ ናቸው፤ ሁለቱ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ። ከዚያ ቤንች፣ ከዚያ ጉዳት። በ2025 መጀመሪያ ዌስትሃም በውሰት ሄዶ አንድም ሳያገባ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ወደ ሮማ፣ አሁንም በውሰት።

የሚገርመው ከሃትሪኩ አንድ ቀን በፊት የሆነው ነው። ኮል ፓልመር የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ከማንቸስተር ሲቲ ወደ ቼልሲ ተዛወረ። እዚህ የጮኸለት አልነበረም፤ የሲቲን ቤንች ሲያሞቅ የኖረ ልጅ ነዋ! ነገር ግን ቼልሲ በዚያ ዓመት የአውሮፓ ውድድር የለበትም። ልጁ ቋሚ ቦታ አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ፍጹም ቅጣት ምቱን ተረከበ፤ ፋንታሲው ደግሞ አማካይ ብሎ ስለመዘገበው ጎሉ 5 ነጥብ ነበር። 22 አገባ፣ 9ኙ በፍጹም ቅጣት ምት፤ 11 አቀበለ። በ244 ነጥብ የዓመቱ አንደኛ ሆነ። እግሩ ከፈርጉሰን እግር ስለበለጠ ነው የሚል ካለ አንከራከረውም፤ እኛ ግን ቦታው ነው እንላለን።

ተቃራኒውም ስህተት አለ። ራስመስ ሆይሉንድ በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ ገብቶ እስከ ዲሴምበር 26 በሊጉ አላገባም። ሰዉ ሰደበው፣ ሸጠው። ከዚያ በተከታታይ ስድስት የሊግ ጨዋታ አገባ! ይሁንና በቀጣዩ ዓመት በሊጉ ያገባው 4 ብቻ ነው። በስድስቱ ሰክሮ የገዛውም፣ በድርቁ ተናድዶ የሸጠውም ያው ተቃጠለ።

በቤዝቦል አገር (ፋንታሲ ራሱ በ1980 በኒውዮርክ ቤዝቦል ወዳዶች መሃል ነው የተስፋፋው) ኳስ ከሜዳ አሻግሮ የሚመታ ወጣት ሲመጣ አዋቂዎቹ የሚጠይቁት ስንት ጊዜ እንደሚስት ነው ይባላል። እኛ ጋ ይህን የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ ነው።

ራቅ አንበል፤ በቤታችንም ታይቷል። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 (አሁን በራሳችን አቆጣጠር) የፕሪሚየር ሊግ ዘመን 29 ጎል አገባ። 13 ክለብ ብቻ በነበረበት፣ አንድ ቡድን 24 ጨዋታ ባደረገበት ዓመት! ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ያስመዘገበውን የ24 ጎል ክብረ ወሰን አለፈ። በ2014 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ማምራቱ ታወቀ፤ እኛም 29 አይተናልና 29 ጠበቅን። የሄደው ግን ፒተር ሻሉሌሌ ወዳለበት ቤት ነበር፤ በዚያው ሰሞን በ23 ጎል የደቡብ አፍሪካ ሊግ ኮከብ አግቢ የሆነ ሰው! ጉዳትም ተደራረበበት። ደቂቃው ሲያጥር ጎሉ አጠረ። ዲ ኤስ ቲቪ ቤቱ ውስጥ «አለቀለት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ልጁ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ያንን ቃል የተናገሩት ደግሞ በ2013 ትከሻቸው ላይ የተሸከሙት ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ነሐሴ ያ ረጅም ልጅ ሲመጣ እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ሦስት ሳምንት እንጠብቃለን። በሦስቱም ከ60 ደቂቃ በላይ ተጫውቷል ወይ? ሳጥን ውስጥ ሆኖ ነው የሚመታው ወይስ ከሩቅ? ቅጣት ምቱ የማን ነው? ቡድኑ ሐሙስ ሐሙስ የት ይውላል? መልሱ ጥሩ ከሆነ ጎል ባያገባ እንኳ እንገዛዋለን፤ እንዲያውም ያኔ ነው ደስ የሚለው።

«እስከዚያ ዋጋው ይጨምራላ!» የሚሉን አሉ። አዎ፣ ሰው ሲሻማ ዋጋው 0.1 ይወጣል። ግን ደንቡን አንብቡት፤ ስትሸጡ የምታገኙት የትርፉን ግማሽ ነው፣ 0.1 ብቻዋን ከጨመረች ደግሞ ምንም። ለዚያች ብላችሁ 4 ነጥብ ከምትከፍሉ እሁድ ቡናችሁን እስከ ሦስተኛው ጠጡና ልጁን ለማክሰኞ አቆዩት።