አዲሲቱ የስፌት መኪናና የእግራችን ልማድ

ባለፈው ክረምት በቤታችን አንዲት እንግዳ ገብታ ነበር። ይህችውም እንግዳ በዕቁብ ገንዘብ የተገዛች፥ በኤሌክትሪክ ሞተር የምትሠራ፥ የፋብሪካ ዐይነት የልብስ ስፌት መኪና ናት። የገዛንበትም ምክንያት የሰፈራችን ወላጆች በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የሚለበስ 20 የተማሪዎች የደንብ ልብስ እንድንሰፋላቸው ጨርቁን አስቀድመው ስላስረከቡን ነው።

ከዚያ በፊት የምንሠራው ከእናታችን በወረስናት፥ በእግር በምትገፋው ሲንጀር ነበር። አይዛክ ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ ለስፌት መኪናው የፈጠራ መብት ያገኘው በ1843 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1851 ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በአገራችን የመኪናው ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በዚያች መኪና ተረከዝና ጣት እየተፈራረቁ መርገጫውን ሲገፉት መንኰራኵሩ ይዞራል፤ እግር ሲያርፍ መኪናይቱም ታርፋለች። እናታችን እኛን ያሳደገችን በዚህ አሠራር ነውና ከእርሱ ሌላ ያለ አልመሰለንም ነበር።

አዲሲቱ መኪና በገባችበት ማታ በለመድነው ዐይነት እግራችንን ጥለን መርገጫውን ብንረግጠው፥ መኪናይቱ ባንድ ጊዜ ጮኸችና ጨርቁን ከእጃችን ነጥቃ ሄደች። መርፌይቱም የእጅጌውን ስፌት ትታ ወደ ደረቱ ገባች። ጣታችን የተረፈው ለጥቂት ነው። የተበላሸው ጨርቅ ግን የሰው ገንዘብ ስለ ሆነ ከኪሳችን ገዝተን መተካት ግድ ሆነብን።

በማግሥቱ መኪናይቱን ለሻጩ እንመልሳት እያልን ስንማከር፥ በልብስ ሰፊነት ያረጁ አንድ ጎረቤታችን ወሬውን ሰምተው መጡ። ነገሩንም ሁሉ ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ መኪናይቱ ጥፋት የለባትም። በአሮጌይቱ መኪና እግራችሁ ጕልበት ነበር። በዚህችኛይቱ ግን ጕልበቱ የሞተሩ ነው፤ እግራችሁ ፈቃድ ሰጪ ብቻ ነው። እንግዲህ ከመሮጥ በፊት መቆምን ተማሩ» አሉን።

እውነታቸውን ነው። ከእነዚህ መኪናዎች መካከል በደቂቃ እስከ 5,000 ጊዜ የሚወጉ አሉ፤ ይህም በአንድ ሴኮንድ ከ80 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ዐይን ስሕተቱን አይቶ ለእግር እስኪነግር ድረስ ስፌቱ አልፎ ይሄዳል።

ከዚያም ክሩን ከመርፌይቱ አውጥተው፥ መሥመር ካለው ደብተር አንድ ወረቀት ቀደው ሰጡን። በእግር ጣት ወደ ፊት ቀስ ብሎ መጫን መኪናይቱን እንደሚያስኬዳት፥ በተረከዝ ወደ ኋላ መጫን ደግሞ እንደሚያቆማት አሳዩን። ጨርቁን የሚይዘውን እግር በጕልበታችን ገፍተን ስናነሣው ሁለቱም እጆቻችን ለሥራው ነጻ ይሆናሉ። የመጀመሪያውን ቀን የዋልነው በየመሥመሩ ጫፍ ላይ በመቆም ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ክብና ማእዘን ሣልን፤ በእርሱም ላይ ሄድን። በሦስተኛው ቀን፥ ወረቀት መርፌን ያዶለዱማልና መርፌይቱን ለውጠን በቍራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋን። የደንቡን ልብስ የነካነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሽማግሌው ሌላም ማስጠንቀቂያ ሰጥተውናል። ዘይቱ ከምልክቱ በታች ከወረደ መኪናይቱ ራስዋን ትበላለች፤ ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር ዘይቱን ማየት ይገባል። አንዳንድ ሞተር መብራቱ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ይዞራል፤ እንግዲህ መርፌ ለመለወጥ ወይም ክር ለማግባት የሚሻ ሰው ድምፁ ፈጽሞ ጸጥ እስኪል ይታገሥ። በዚያችው ቅጽበት እግር ሳይታወቀው መርገጫውን ቢነካ መርፌይቱ ትወርዳለችና።

ይህ ነገር የቤታችን ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓመተ ምሕረት ተመርቆ በተከፈተው በሐዋሳው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው በልብስ ስፌት ሥራ ገብተዋል። ልጃቸው ወይም እኅታቸው እንዲህ ባለ ሥራ የገባችላቸው ቤተ ሰቦች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ስንት ሰፋሽ?» ብለው ባይጠይቋት መልካም ነው። «ዛሬ ደኅና አድርገሽ ቆምሽ?» ቢሏት ግን ጣቷንም እንጀራዋንም ይጠብቁላታል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለእግር ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሃያዎቹም ልብሶች ትምህርት ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው ለባለቤቶቻቸው ደረሱ። ትርፉ የተበላሸውን ጨርቅ ዋጋ ከተካ በኋላ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም የተቀበለን ሁሉ ለሚመጣው ዓመት ቃል ገብቶልናል። አሮጌይቱንም ሲንጀር አልሸጥናትም። በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ መብራት በጠፋ ቀን ሥራችንን የምትጨርስልን እርሷ ናት። እግራችንም አሁን በየትኛይቱ ፊት እንደ ተቀመጠ ለይቶ ያውቃል።