ቀላል መድኃኒት፤ ከባድ ፈቃድ



ባለፈው ሳምንት በምግብ አዳራሽ በተነሣ ክርክር አንድ የንግድ ሥራ ተማሪ፣ «ለራስ ምታትና ለጉንፋን የሚሸጥ ኪኒን ይህ ሁሉ የፈቃድ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ሐኪም የማያዝዘው ቀላል ነገር ስለ ሆነ ፈቃዱም ቀላል ይሁን» ሲል ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርሁ። ማታ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ግን በራሴ አፈርሁ። ይህን የምጽፈው ጭብጨባዬን መልሼ ለመውሰድ ነው።

መድኃኒት ያለ ማዘዣ ይሸጥ ማለት ምን ማለት ነው? በበሽተኛውና በመድኃኒቱ መካከል ቆሞ የነበረው ሐኪም ይነሣ ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ ኩላሊትህ ደኅና ነው ወይ፣ ሌላ ምን ትወስዳለህ ብሎ የሚመረምር የለም። ሐኪሙ ሲነሣ ቦታውን የሚይዘው ፈቃዱ ነው። እንግዲህ ዘበኛው ሁለት ከነበረ አንዱ ሲሄድ የቀረው ይበርታ ይባላል እንጂ እርሱም ይተኛ ይባላልን? ቀላል የተባለው በሽታው ነው፤ መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ገና መረጋገጥ አለበት።

ታሪኩን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1957 ታሊዶማይድ የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት በምዕራብ ጀርመን ያለ ማዘዣ ለገበያ ቀረበ። ጉዳት የለውም ስለ ተባለ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንደ ተወለዱ ይገመታል። በአሜሪካ ግን የመድኃኒት መርማሪ የነበሩት ዶክተር ፍራንሰስ ኬልሲ፣ ኩባንያው እየደጋገመ ቢወተውታቸውም፣ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው ፈቃዱን ስለ ያዙት መድኃኒቱ እዚያ ለገበያ አልዋለም። ያ መዘግየት ስንት ቤት ከለቅሶ እንዳዳነ ማን ይቁጠረው?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1937 በዚያው በአሜሪካ ዳይኢትሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ፈሳሽ የተበጠበጠ የሰልፋኒላማይድ ሽሮፕ ከመቶ በላይ ሰዎች ገደለ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። በጊዜው የነበረው ሕግ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት እንዳይጎዳ ይፈተን አይልም ነበርና፣ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሕግ ወጣ። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ጋምቢያ ይመልከት። ከ85 ዓመት በኋላ፣ በ2022፣ ያው መርዝ በሕፃናት የሳል ሽሮፕ ውስጥ ተገኘ። ወደ 70 የሚሆኑ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሞቱ። ሽሮፑ የመጣው ከውጭ አገር ነበር፤ አገሪቱም መድኃኒት የምትፈትሽበት የራሷ ላቦራቶሪ አልነበራትም። አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ ለምናስገባ ለእኛ ከዚህ የቀረበ ትምህርት የለም።

ተቃዋሚዬ እውነት የለውም አልልም። ፋይል ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከባለል ወራት ቢያልፉ፣ ያ መጉላላት ነው እንጂ ጥበቃ አይባልም። የሚያስፈልግ መድኃኒት በቢሮ ሲያንቀላፋ በሽተኛው ቤቱ ይሠቃያል። ዳሩ ግን የማኅተም ብዛትና የማስረጃ ክብደት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማኅተሙን ቀንሱ፤ ማስረጃውን ግን አትንኩ።

ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ከተረሳ ምን እንደሚሆን ደግሞ የፌኒሌፍሪን ነገር ያሳየናል። በአሜሪካ ሱዶኤፌድሪን የተባለው የአፍንጫ መክፈቻ ለአደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ስለ ዋለ በ2006 ሽያጩ በሕግ ሲጠብቅ፣ ኩባንያዎቹ ብዙ የጉንፋን ኪኒናቸውን በፌኒሌፍሪን ተኩ። ፌኒሌፍሪን በድሮ ማስረጃ የተፈቀደ ነበር። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ መምህራን ግን ማስረጃውን እንደ ገና መርምረው፣ በአፍ ሲወሰድ የታፈነ አፍንጫ አይከፍትም ብለው በ2007 አመለከቱ፤ በ2015ም ደገሙ። በ2023 የመንግሥቱ አማካሪዎች 16ቱም በአንድ ድምፅ አይሠራም አሉ፤ በ2024 መሥሪያ ቤቱ ከተፈቀዱት ዝርዝር ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሁሉ ዓመት ሕዝቡ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ተስፋ ብቻ ነበር። መምህራን ሆይ፤ ልብ በሉ፤ ይህን ያነሡት የእናንተው የሙያ ባልደረቦች ናቸው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ባለፈው ክረምት እናቴ ለጉንፋን ከአንድ መድኃኒት ቤት ኪኒን ገዝታ፣ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ነበር። ባነበው ውስጡ ፓራሲታሞል አለበት፤ እርሷ ደግሞ ለራስ ምታቷ ሌላ ፓራሲታሞል ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ሲበዛ ጉበት የሚጎዳውን መድኃኒት በሁለት ስም ትውጥ ነበር። እኔ ባልኖርስ? ማንበብ የሚችል ልጅ የሌላት እናትስ?

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒት ደኅንነቱ፣ ፈዋሽነቱና ጥራቱ ተመርምሮ ሳይመዘገብ ለገበያ እንዳይውል ያዝዛል። ሕጉ ደግ ነው። የምንጠይቀው ያለ ማዘዣ ለሚሸጠው ሁሉ በሙሉ ክብደቱ እንዲሠራ ነው።

አንደኛ፤ የሚሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ይቅረብ፤ ማስረጃውም በየጊዜው እንደ ገና ይታይ። ሁለተኛ፤ የምርቱ ናሙና፣ ይልቁንም የሕፃናት ሽሮፕ፣ በላቦራቶሪ ይፈተሽ፤ በሻጩ ወረቀት ብቻ አይታመን። ሦስተኛ፤ መጠኑና ማስጠንቀቂያው ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ለማያነብ ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ በቃል ያስረዳ። አራተኛ፤ ፈቃድ የተሰጠበትና የተከለከለበት ምክንያት ለሕዝብ ይገለጥ፤ መልስ የሚሰጥበትም ቀን ይወሰን፤ ነጋዴውም ሳይጉላላ መልሱን ያግኝ።

ለእኛስ ምን ቀረን? የፋርማሲና የኬሚስትሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን እያልን እናማርራለን። ርእሱ ከግቢው በር ፊት ለፊት በመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ገዝተን እንፈትሽ፤ ያገኘነውንም መምህራን መርምረውት ለባለሥልጣኑ እናቅርብ። ያ የንግድ ሥራ ወንድሜም ቢፈልግ አብሮን ይምጣ፤ ሒሳቡን እርሱ ይያዝልን።

አንድ የፋርማሲ ተማሪ