ሣሩ ዝሆኖቹን ሲጠራ

«ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የምትለው ተረት ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ኢትዮጵያ በሚጻፉ መጣጥፎች አትጠፋም። ክርክሩም የታወቀ ነው፦ ደርግን ወደ ሞስኮ የገፋው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካርተር አስተዳደር ነው፤ አዲስ አበባ ምርጫ አልነበራትም።

ቀኑን ማየት ይበቃል። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የጦር መሣሪያ ስምምነት በምስጢር የተፈራረመው በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. ነው። ካርተር ሥልጣን የያዘው በጥር፣ ወታደራዊ ርዳታው እንደሚቀነስ የተነገረው ደግሞ በየካቲት። የተገፋው ሰው ከገፊው ቀድሞ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው!

ጨዋታው በደርግም አልተጀመረም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1945 ዓ.ም. አስመራ ያለውን የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ በአሜሪካ ጦር መሣሪያና ሥልጠና ለወጡት፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ድረስ ሄደው ብድር ይዘው ተመለሱ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ የተሠራው በሶቪየት ርዳታ ነው። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬም ቢሆን በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አማካሪዎችን ሲያባርር ማንንም አላስፈቀደም።

እርግጥ ነው፣ የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደሮች ባይደርሱ በሶማሊያ ጦር የተያዘችው ጅጅጋ በየካቲት 1970 ዓ.ም. መመለሷ ያጠራጥር ነበር። ነገር ግን የቀበሌውን የውይይት ክበብ፣ «ጓድ» የሚለውን መጠሪያና በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የማርክሲዝም ትምህርት ሞስኮ በግድ አልጫነችም። ደርግ ወዶ አስገባቸው፤ ተማሪው ግን ወደደም ጠላ ማርክሲዝሙን ሸመደደ።